አንድ ሰው፣ አንድ ድምፅ፦ የደቡብ ምዕራብ ያገር ቤት ባንዶች ትዝታ

ባንድ ሲባል ለአብዛኞቻችን ዐይን ላይ ድቅን የሚለው ከረባት ያሰረ፣ ሳክስፎን ያነገተ ሰው ነው። ወይ ክቡር ዘበኛ ነው፣ ወይ ፖሊስ ሠራዊት፣ ቀረብ ካለም ዋልያስ ወይም ሮሃ። ሁሉም አዲስ አበባ! ሸክላው እዚያ፣ መድረኩ እዚያ፣ ወሬውም እዚያ። ከአዲስ አበባ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀን ሚዛንና ቴፒ ላይ የምንማር እኛ እንኳ፣ ስለ ሙዚቃ ስንጨዋወት አፋችን ቀድሞ የሚሮጠው ወደዚያው ነው። ከመኝታ ቤታችን መስኮት ማዶ፣ ከቡናው ጥላ ሥር ግን ሌላ ዐይነት ባንድ ኖሯል። የዚህን አገር ቡና እየጠጡ ስለዚህ አገር ባንድ ዝም ማለት ነውር ነው ብለን ይችን ጽሑፍ ጀመርን።

ከጅምሩ አንድ ነገር እንስማማ። ባንድ ማለት ኤሌክትሪክ ማለት አይደለም። ሰዎች ተሰብስበው፣ እያንዳንዱ የድርሻውን ይዞ፣ ሕዝብ የሚያስጨፍር ዜማ በጋራ ሲያወጡ ያ ባንድ ነው። በዚህ ሚዛን ከተመዘነ ደቡብና ደቡብ ምዕራብ፣ ባንድ የሚለው ቃል ወዳገራችን ሳይገባ ባንድ የነበረው አገር ነው።

እንዴት ቢሉ፣ በዚህ ወገን በብዙ ሕዝቦች ዘንድ የትንፋሽ መሣሪያ ብቻውን አይነፋም። ከቀርከሃ፣ ከሸምበቆ ወይም ከቀንድ የተሠሩ፣ ርዝመታቸው የተለያየ መሣሪያዎች በአንድነት ይሰለፋሉ። ረጅሙ ወፍራም ድምፅ አለው፣ አጭሩ ቀጭን። ነገሩን ልዩ የሚያደርገው ግን እያንዳንዱ ሰው የያዘው አንድ ድምፅ፣ ቢበዛ ሁለት ሦስት ድምፅ ብቻ መሆኑ ነው። ዜማው በማንም እጅ የለም። አንዱ ነፍቶ ዝም ይላል፣ ሁለተኛው ይቀጥላል፣ ሦስተኛው መሐል ይገባል፣ አራተኛው ይመልሳል። ዜማው ከሰው ወደ ሰው እየዘለለ ክቡን ይዞራል። ከሩቅ ለሚሰማ ሰው አንድ ትልቅ መሣሪያ የሚነፋ ይመስለዋል፤ ቀርቦ ሲያይ ግን መሣሪያው ሰዎቹ ናቸው።

ይህን ለሰሜን ሰው ማስረዳት ብዙም አይከብድም። እምቢልታ የሰማ ያውቀዋል። እምቢልታ ሦስት ሆኖ ነው የሚነፋው፣ አንዱ ብቻውን ቢነፋ ወሬ እንጂ ዜማ አይሆንም። ወደ ደቡብ ስንወርድ ግን ቁጥሩ ይበዛል፣ አጠቃቀሙም ይሰፋል። ዛሬ ከእኛ ጋር በአንድ ክልል የሚገኘው የዳውሮ ሕዝብ ዲንካ አለው። ዲንካ ከሰው ቁመት እጅግ የሚበልጥ፣ ረጅም የትንፋሽ መሣሪያ ነው። የተለያየ ድምፅ ያላቸው ዲንካዎች ጎን ለጎን ተሰልፈው በየተራ እየተቀባበሉ ይነፋሉ። ከዚያ ወዲያ በጊዶሌ ዙሪያ የሚኖሩት ደራሼዎች ፊላ አላቸው፤ ወንዶቹ ቀርከሃቸውን እየነፉ በክብ ሲዞሩ፣ ሴቶቹ አብረው ሲረግጡ፣ ነፊና ጨፋሪ አይለይም። ባንዱ ራሱ ይጨፍራል፣ ጭፈራው ራሱ ባንድ ነው።

ቴፒ ዙሪያ ያለው ጫካ ደግሞ ሌላ ትምህርት ቤት ነው። ማጃንጎች ማር እየቆረጡ፣ ጫካውን እየመነጠሩና እያሳረፉ የኖሩ ሕዝብ ናቸው፤ ጃክ ስታውደር የተባለ የባዕድ አገር አጥኚ በ1950ዎቹ ዓ. ም. አብሯቸው ኖሮ ስለ አኗኗራቸው መጽሐፍ ጽፏል። ሲዘፍኑ አንዱ የሚለውን ሌላው አይደግመውም፤ ከላይ የሚሄድ አለ፣ ከታች የሚሄድ አለ፣ ተለያይተው ሄደው ይገናኛሉ። ደጋው አገር ሁሉም አንድ ዜማ ይዞ ሲያጅብ፣ እዚህ ድምፅ በድምፅ ላይ ይነባበራል። ወደ ጋምቤላ ወረድ ሲሉም አኙዋኮች ቶም የሚሉት አለ፦ ትንሽ ሣጥን ላይ ቀጫጭን ብረቶች ተደርድረው በአውራ ጣት የሚመታ። ይኸ ሁሉ በአንድ የዝናብ ደመና ሥር ነው።

ታዲያ ይኸ አንድ ሰው አንድ ድምፅ የመያዙ ነገር የእኛ ብቻ እንዳይመስለን። በመካከለኛው አፍሪካ ባንዳ ሊንዳ የሚባሉ ሕዝቦች አሥራ ስምንት ያህል ቀንደ መለከት አሰልፈው እንዲሁ ያደርጋሉ። ሲምሃ አሮም የተባለ ሊቅ ዓመታት ወስዶ አጥንቶት፣ በፈረንጅ 1985 ዳጎስ ያለ መጽሐፍ አውጥቶበታል። ከዚያ ይበልጥ የሚያስገርመን ግን የሩስያው ነው። በ18ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ፒተርስቡርግ ላይ መኳንንቱ የቀንደ መለከት ባንድ አቋቁመው ነበር። ነፊዎቹ ገባሮች ናቸው፤ መሬቱ የጌታው፣ ሰውየውም የጌታው። እያንዳንዱ ገባር አንድ ቀንድ፣ አንድ ድምፅ ይሰጠዋል፤ ያችን ድምፅ ብቻ በሰዓቷ መንፋት ነው ሥራው። ሙዚቃው ያማረ ነበር ይባላል። ገባሩ ግን ሰው መሆኑ ቀርቶ ፊደል ሆነ፤ የፒያኖ ቁልፍ ሆነ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አሰብን። የጊዶሌው ሰው አንድ ድምፅ ይይዛል፣ የሩስያውም ገባር አንድ ድምፅ ይይዛል። ያንዱ ደስታ፣ የሌላው ባርነት የሆነው ለምንድን ነው? መልሱ ከሙዚቃው ውስጥ አይገኝም። ጥያቄው ባንዱ የማን ነው የሚለው ነው። ነፊው ከአዝመራ በኋላ ከጎረቤቱ ጋር ተጠራርቶ ሲወጣ ድምፁ የራሱ ነው። ሌላ ሰው ሲያሰልፈው ድምፁ የአሰላፊው ነው። የደቡብ ምዕራብ ባንዶችን ታሪክ በዚህ ጥያቄ ብናነበው ብዙ ነገር ይገለጥልናል።

ድሮም ቢሆን ሁሉ ነገር የሕዝብ ነበር ብለን አናሳምርም። ዲንካ የንጉሥ ክብር ነው፤ ለዳውሮ ነገሥታት ይነፋ ነበር፣ በትልቅ ሰው ልቅሶም ይነፋል። የከፋም መንግሥት ከነሙሉ ሥርዓቱ የኖረ ትልቅ መንግሥት ነበር። በ1889 ዓ. ም. መጨረሻ የምኒልክ ጦር በራስ ወልደ ጊዮርጊስ መሪነት የመጨረሻውን ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾን ሲይዝ፣ ንጉሡ ብቻ አይደለም የተማረከው፤ በንጉሡ ዙሪያ የቆመው ሥርዓት ሁሉ ባለቤት አጣ።

ከዚያ የመጣው ግን ከዚያም የከፋ ነው። በጊሚራና በማጂ፣ ማለትም ዛሬ ሚዛን ተፈሪ ባለችበትና ከሷ በስተደቡብ ባለው አገር፣ የዝሆን ጥርስና የባሪያ ንግድ ለዓመታት ሕዝቡን ጠራርጎታል። ወታደሩና ነጋዴው የወሰደው ሰው ብዛት የጻፉትን ሁሉ ያስደነገጠ ነው። መንደር ጠፋ፣ ማሳ ዳዋ ለበሰ። ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን በጥርስ፣ በሰውና በጠመንጃ ይቆጥሩታል። እኛ ደግሞ አንድ ሒሳብ እንጨምርበት። አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ብቻውን ይሸሻል፤ ዜማው አብሮት ይሸሻል። አምስት ሰው የሚነፋው ዜማ ግን አንዱ ከተወሰደ አራት አምስተኛ ዜማ አይሆንም። ቀዳዳ ይሆናል። ሁለት ከተወሰዱ የቀሩት ሦስቱ ምን እንደሚነፉ አያውቁም። እንግዲህ የሰው ፍንገላ ሙዚቃን የሚገድለው እንዲህ ነው፤ መሣሪያውን ሳይነካ፣ ቀርከሃው ጫካ ውስጥ እንደበቀለ።

ባጋጣሚ አንድ ዓመት ላይ ሁለት ነገር ይገናኛል። በ1916 ዓ. ም. መጋቢት ላይ ባሮችን ቀስ በቀስ ነፃ ስለማውጣት አዋጅ ወጣ። በዚያው ዓመት ማለቂያ፣ በጳጉሜን፣ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንድያን ጋር አዲስ አበባ ገቡ፤ የአገሪቱም የዘመናዊ ማርሽ ባንድ ታሪክ ከነሱ ይቆጠራል። አርባ ልጆች ናስ መሣሪያቸውን ይዘው ገቡ፣ ታሪክም መዘገባቸው፤ ደግ አደረገ። እዚህ የተበተኑት ነፊዎች ስንት ነበሩ? ይኸን የሚመዘግብ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ወደዚህ አገር የገባው ሙዚቃ በየመንገዱ ነው የመጣው። ከወታደሩና ከሹሙ ጋር ማሲንቆና ክራር መጣ፣ በየከተማው ጠጅ ቤት ሰፈረ። በምዕራብ በኩል ደግሞ የጋምቤላ ወደብ ነበር። በ1894 ዓ. ም. ውል መሠረት እንግሊዞች ባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ አግኝተው፣ እስከ 1940ዎቹ መጨረሻ ድረስ በክረምት ውኃው ሲሞላ መርከብ ከካርቱም ይመጣ ነበር። ቡና ይዞ ይወርዳል፣ ጨርቅና ጨው ይዞ ይወጣል። ዕቃ በሚሄድበት ዘፈንም ይሄዳል፤ ኋላ ራዲዮ ሲመጣ የሱዳን ዜማ ለምዕራቡ ሰው ጆሮ እንግዳ አልነበረም።

አዲስ አበባ በበኩሏ ያገር ፍቅርን በ1927 አቋቁማ፣ የጦር ክፍል ባንዶቿን አደርጅታ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአምሐ እሸቴ ሸክላ እስኪወጣ ድረስ ስትገሰግስ፣ ያገር ቤት መሣሪያን በአንድነት የማስነፋት ሐሳብ የመጣው ከዩኒቨርሲቲ መሆኑን ባንረሳ ጥሩ ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ ሃሊም ኤል ዳብ የተባለ ግብፃዊ የሙዚቃ ደራሲ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንት፣ በገና፣ እምቢልታና መለከት በአንድ መድረክ ተሰለፉ። በኋላ ተስፋዬ ለማ መራው። በ1961 ዓ. ም. ከመካከላቸው ጥቂቶቹ የዐባይ ጓድ ተብለው አሜሪካ ድረስ ሄደው በቴሌቪዥን ታዩ። በ1967 ገደማ ኦርኬስትራው ፈረሰ። የደጋውና የሰሜኑ መሣሪያ በረከተበት እንጂ፣ የደቡብ ምዕራቡ የቀርከሃ ሰልፍ የዚያን ያህል ቦታ አላገኘም። ግን መንገዱን አሳየ፦ ያገር ቤት መሣሪያ ብቻውን ማንጎራጎሪያ ብቻ አይደለም፣ ኦርኬስትራ ሊሆን ይችላል ብሎ አሳየ። የሚያሳዝነው ይህን ጊዶሌ ላይ ሄዶ የጠየቀ ያለ ኦርኬስትራ መምህር ያገኘው ነበር።

ይህን በኋላ አጥብቆ የተናገረ አንድ ሰው አለ፣ እሱም የዚህ አካባቢ በር የሆነችው የጅማ ልጅ ነው፤ ሙላቱ አስታጥቄ። በ1936 ዓ. ም. ጅማ የተወለደው ሙላቱ እንግሊዝ አገር፣ ከዚያም ቦስተን ተምሮ ኢትዮ ጃዝን የፈጠረ ሰው ነው። የደራሼዎችን ቀርከሃ ካጠና በኋላ ደጋግሞ የሚለው፣ ፈረንጆች በዘመናዊ ሙዚቃና በጃዝ አዲስ ግኝት ነው ያሉትን የድምፅ አደራደር እነዚህ ሰዎች ቀድመው ይዘውት ነበር ነው። ልብ በሉ፣ ይህን ያለው የመንደር አርበኛ አይደለም፤ በሁለቱም ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ነው።

አብዮቱ ፈነዳ። ታኅሣሥ 1967 ላይ ወደ 60,000 የሚጠጋ ተማሪና መምህር በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ወጣ። የካቲት 25 የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። በየቀበሌው፣ በየገበሬ ማኅበሩ፣ በየፋብሪካውና በየእርሻው ኪነት የሚባል ነገር በቀለ። እንግዲህ በዘመኑ ቋንቋ ያገር ቤት ባንድ ማለት ኪነት ነው። የወሎው ላሊበላ፣ የጎጃሙ ግሽ ዓባይ፣ የጎንደሩ ፋሲለደስ ስማቸው በካሴት አገር አዳርሶ ዛሬም ድረስ ይነሣል። በከፋና በኢሉባቦር፣ በየአውራጃውና በየወረዳው የነበሩት ግን ስማቸው ከወረዳቸው አልወጣም። የዚህ ጽሑፍ ትዝታ ለነሱ ነው።

እነዚህ ባንዶች እንዴት ያሉ ነበሩ? ማሲንቆና ክራር፣ ዋሽንት፣ ከበሮ፤ ካገኙ አኮርዲዮን፤ የታደሉት ጊታር ከነድምፅ ማጉያው። መብራት በሌለበት በጄኔሬተር፣ ጄኔሬተር በሌለበት በማሾ። መምህሩ ድራማ ይጽፋል፣ የጤና ረዳቱ ግጥም ያነባል፣ የእርሻ ሠራተኛው ከበሮ ይመታል። ከቀበሌ እስከ አውራጃ፣ ከአውራጃ እስከ ክፍለ ሀገር ውድድር አለ፤ ከፋ ክፍለ ሀገር ያለ ሰው ጅማ ገብቶ መታየት ማለት ሎንዶን መግባት ማለት ነው። መስከረም 1977 ላይ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲከበር ደግሞ ያልጨፈረ ወረዳ አልነበረም ማለት ይቻላል።

አድማጩስ? አድማጭ ሞልቷል። የበበቃና የቴፒ ቡና እርሻዎች በመንግሥት እጅ ነበሩ። ለቀማ ሲደርስ ከወላይታ፣ ከከምባታ፣ ከሐዲያ፣ ከዳውሮ፣ ከከፋ ሰው ይጎርፋል። ማታ ማታ ካምፑ ውስጥ ሁሉም የየአገሩን ይጨፍራል። ጎን ለጎን የሰፈረ ሰው ደግሞ ወገብ መሰበቁንም፣ ትከሻ መምታቱንም ይዋዋሳል። በ1977ቱ ድርቅ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲሰፍር፣ ባቲና አምባሰል ከነሐዘኑ ወደ ቡናው አገር ገባ። ያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለሰፋሪዎች ጎጆ ሊሠሩ ጋምቤላና መተከል ድረስ ዘምተው ነበር። ተፈናቅሎ የመጣ ሰው ያዜመው ባቲ ሠርግ ላይ እንደሚዘፈነው ባቲ አይደለም። ይኸ ሁሉ አንድ ወረዳ ላይ፣ አንድ ገበያ ላይ ተገናኘ። ለሙዚቃ እንዲህ ያለ ማሳ የት ይገኛል?

ይኸን ያልንበት አፋችን ግን ኪነትን በመላ አያመሰግንም። በጎውን እንናገር፦ ኪነት ከሹም አዳራሽ ተባርሮ የኖረውን ያገሬውን ጭፈራ መድረክ ላይ አወጣው። ድሮ ዘፋኝ ሲባል አዝማሪ ተብሎ የሚናቀው ሰው ወንበር ተሰጠው። በስም ብቻ የሚተዋወቁ ብሔረሰቦች ተያዩ። ከዚያ በፊት ይህን ያደረገላቸው መንግሥት የለም።

ክፉውስ? አንደኛ፣ ጭፈራው ተቆረጠ። ማታ ተጀምሮ ንጋት ላይ የሚያልቀው የአዝመራ ጨዋታ ለመድረክ ሲባል ደቂቃ ተመደበለት። ጊሚራ ሁለት ደቂቃ፣ ከፋ ሁለት ደቂቃ፣ ሌላው ሁለት ደቂቃ፤ ልብስ ቀይሮ መሮጥ ነው። ክቡ ተፈትቶ፣ ፊቱን ወደ ታዳሚው ያዞረ ሰልፍ ሆነ። በክብ ስትዞር የምታየው ጓደኛህን ነው፣ በሰልፍ ስትቆም የምታየው የክብር እንግዳውን ነው። ይቺ ትንሽ ነገር አይደለችም።

ሁለተኛ፣ ቅኝቱ። አኮርዲዮንና ኦርጋን ድምፃቸው ፋብሪካ ውስጥ ተወስኖ የመጣ ነው። የቀርከሃው ድምፅ ግን የሚወሰነው በቆራጩ ቢላዋ ነው፤ አንድ መንደር የራሱን ያህል ቆርጦ ከጓደኞቹ ጋር ያስማማዋል። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ መሸነፍ አለበት፤ አኮርዲዮን ደግሞ አይሞረድም። ስለዚህ ክራሩም ማሲንቆውም በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰል፣ በአንቺ ሆዬ ይቃኛል፤ ቀርከሃው ከነዚህ ባንዱ ካልገባ ወይ ይቀራል፣ ወይ ለዐይን ይያዛል።

ሦስተኛ፣ ቋንቋው። ሐምሌ 1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች ነበር የተካሄደው፤ ከፍኛና ሞቻኛ በአንድነት ከዐሥራ አምስቱ አንዱ ሆኖ ተቆጥሯል። የቤንች ቋንቋ ግን አልነበረበትም፤ የሸኮም፣ የዲዚም፣ የማጃንግም የለም። መፈክሩና መዝሙሩ በአማርኛ ነው። እንዲያው ዜማውን ያገሬው ሰው አቀብሎ ቃሉን ሌላ ሰው የሞላበት ዘፈን ስንት ይሆን? አንድ ድምፅ የያዘው ሰው መቼ መንፋት እንዳለበት የሚነግረው ሌላ ሰው ሆነ። የሩስያው ገባር ትዝ አይላችሁም?

እስቲ በተቃራኒው አንድ እንይ። ድሬዳዋ ላይ በ1950ዎቹ አፍራን ቀሎ የሚባል የኦሮሞ ወጣቶች ባንድ ተነሥቶ ነበር። ያቋቋመው መንግሥት አይደለም፤ ራሳቸው ናቸው። በኦሮምኛ ለመዝፈን፣ በሠርግና በበዓል ሕዝባቸውን ለማስጨፈር የተሰበሰቡ ልጆች ናቸው። መንግሥት በክፉ ዐይን አየው፤ ዘፋኞቹም ተበተኑ። ዜማው ግን አልጠፋም፤ ምክንያቱም ከዚያ ባንድ በልጅነቱ የወጣው ዓሊ ቢራ፣ ከመጀመሪያ ዘፈኑ ያገኘውን ስም ይዞ፣ እስከ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ. ም. ዕረፍቱ ድረስ ተሸክሞታል። ድሬዳዋ ባቡር ነበራት፣ ራዲዮ ነበራት፣ የዐረብና የሱማሌ ዘፈን በገበያው ይሰማ ነበር፤ ትልቅ ከተማ የበተነውን መልሶ ይሰበስባል። ሚዛንና ቴፒ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ከተማ አልነበሩም። ደግሞም አንድ ዓሊ ቢራ የጊታርን ዜማ ብቻውን ሊያድነው ይችላል፤ የቀርከሃን ሰልፍ ግን ብቻውን የሚያድነው ሰው አይወለድም። አምስቱም መትረፍ አለባቸዋ!

ግንቦት 1983 ደርግ ሲወድቅ ኪነቶቹም አብረው ወደቁ። አንዳንዱ መሣሪያ መጋዘን ገባ፣ አንዳንዱ ሰው ወደ እርሻው ተመለሰ። በኋላ በየዞኑ የባህል ቡድን የሚባል ተተካ። ከኅዳር 29 ቀን 1999 ጀምሮ የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ሲከበር ጭፈራው እንደገና መድረክ አገኘ። ኅዳር 2014 ላይም የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሠረተ፤ ከፋ፣ ሸካ፣ ቤንች ሸኮ፣ ምዕራብ ኦሞ፣ ዳውሮና ኮንታ በአንድ ክልል ሆኑ። ማጀቢያው ግን በአብዛኛው ኦርጋን ነው፤ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ከበሮውንም፣ ዋሽንቱንም፣ ቀርከሃውንም በጣቱ ይጫነዋል። እኛም በግቢያችን በዓል ላይ የምንጨፍረው በዚሁ ነው፤ ማንንም ለመውቀስ አይደለም። አምስት ሰው ከማጓጓዝ አንድ ኦርጋን ማጓጓዝ ይረክሳል። ብቻ ሒሳቡን እንወቀው፦ አንድ ሰው አንድ ድምፅ የነበረው፣ አሁን ሁሉም ድምፅ የአንድ ሰው ሆኗል።

የዚህን አገር ዕጣ አንድ ሌላ ነገር ይነግረናል፤ ቡናው ራሱ። በ1920ዎቹ ከዚሁ ከጌሻ አካባቢ ጫካ የተለቀመ የቡና ዘር ወደ ኬንያና ታንዛኒያ፣ ከዚያም በ1940ዎቹ ወደ ኮስታ ሪካ ተሻገረ፤ ኋላም ፓናማ ገባ። ለብዙ ዓመት ማንም ሳይቆጥረው ቆይቶ፣ በ1996 ዓ. ም. የፓናማ ውድድር ላይ አንደኛ ወጥቶ አንዱ ፓውንድ 21 ዶላር ተሸጠ። ዓለም ጉድ አለ። ስሙ ግን ጌሻ ነው፤ የተወለደበትን ስም ይዞ ነው የከበረው። የአዲስ አበባ ሸክላዎችም እንዲሁ፣ በ1990 ዓ. ም. ገደማ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ኢትዮፒክስ ብሎ ደጋግሞ ማሳተም ሲጀምር፣ ተረስተው ከነበሩበት ተነሥተው ዓለምን አዳረሱ። ዘር ከተቀመጠ ይበቅላል፤ ሸክላ ከተቀመጠ ይሰማል። የወረዳ ኪነት ዜማ፣ የቀርከሃው ሰልፍ ዜማ ግን ዘሩ የት ነው የተቀመጠው? በሰው ትንፋሽ ውስጥ ነው። ትንፋሽ ደግሞ ጎተራ የለውም።

እንግዲህ የሚያስፈራን ይህ ነው። በ1970ዎቹ ሃያ ዓመቱ የነበረ የኪነት ልጅ ዛሬ ስልሳ ተጠግቷል ወይም አልፏል። ከነዚያ አምስት ነፊዎች ሦስቱ ካሉ፣ ዜማው ገና ተስፋ አለው፤ የጎደለውን ሁለት ድምፅ ሦስቱ ያስታውሱታልና። አንድ ብቻ ከቀረ፣ የሚያውቀው የራሱን ድምፅና የሚጠብቀውን ዝምታ ነው። ዝምታውን ማን ይሞላው እንደነበር በቃሉ ይነግረን ይሆናል፤ አይነፋልንም።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ በየሰፈራችሁ የድሮ ኪነት አባል አይጠፋም፤ ጠጅ ቤት ባይገኝ ቤተ ክርስቲያን ወይ መስጊድ፣ ወይ ገበያ ይገኛል። ስልካችሁን አውጥታችሁ ዘፈኑን ብቻ ቀድታችሁ አትመለሱ። ቀርከሃውን ማን ቆረጠው? ስንት ነበራችሁ? የእያንዳንዱ ስም ማን ይባላል? አንተ ስትነፋ ከአንተ ቀጥሎ ማን ነበር? የሚጨፈረው ለማን ነበር፣ ለአዝመራ ነው፣ ለልቅሶ ነው፣ ወይስ ለክብር እንግዳ? ቃሉ በማን ቋንቋ ነበር? ብላችሁ ጠይቁ። እያንዳንዱን ቀርከሃ ለብቻው፣ ከዚያም ሁሉንም በአንድነት ቅዱ፤ አለበለዚያ የምታስቀሩት ጩኸት ነው።

ከቅጂው የሚበልጥ ደግሞ አለ። አንዲቱን ቀርከሃ ተቀብሎ መንፋት። ከባድ አይደለም እኮ፤ አንድ ድምፅ ናት። ከባዱ መጠበቁ ነው። ተራህ እስኪደርስ ሌላውን መስማት፣ ተራህ ሲደርስ አለመቅረት። ከባህር ዳር የመጣ አንዱን፣ ከጅግጅጋ የመጣች አንዷን፣ ከሶዶ የመጣ ሌላውን ቢይዝ፣ የሚዛን ልጅ መሪውን ቢነፋ፣ ያ ባንድ የማን ነው ቢባል መልሱ አያስቸግርም።

እኛ አራት አምስት ዓመት ተምረን እንበተናለን። የዚህ አገር ሰው መበተንን ከእኛ በላይ ያውቀዋል። ከመሄዳችን በፊት የሦስቱን ሽማግሌዎች ሁለት ጎዶሎ ብንሞላ፣ ቢያንስ አንዲት ዜማ እስከ መጨረሻዋ ትዞራለች።